በምሥራቁ ግድግዳ ያለፈው ቧንቧ

ሥራዬን ለዘመድ ማስረዳት ያታክተኛል። «አሁን አንቺ መሐንዲስ ነሽ ወይስ ፎቶ አንሺ?» ይሉኛል። መሐንዲስ ነኝ። ግን የቀኑን ግማሽ የማሳልፈው ስልኬን ደግኜ የቧንቧ ፎቶ ሳነሳ ነው። ቧንቧ አንዴ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ በሲሚንቶ ከተለሰነ በኋላ ማንም ዓይን አያየውም። ስለዚህ ልሳኙ ከመድረሱ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ አነሳለሁ። የትኛው ክፍል አለቀ፣ የትኛው በውሃ ግፊት ተፈተነ፣ የትኛው ገና ነው የሚለውን አለቆቼ ቢሯቸው ቁጭ ብለው ከፎቶው ያያሉ። ሕንፃው አልቆ ሰው ከገባበት በኋላ አንድ ቦታ ውሃ ቢያፈስ ደግሞ ግድግዳውን በነሲብ ከመቆፈር ፎቶውን ከፍቶ ማየት ይበቃል።

ሲወራ ቀላል ነው። ጉለሌ ውስጥ፣ ቀጨኔ ዳገት ላይ፣ ለአንድ የቤት ማኅበር የመጀመሪያውን ሕንፃ ስንሠራ ግን ሥራዬ ሁሉ ጭቅጭቅ ነበር። ስልኬን ከኪሴ ባወጣሁ ቁጥር የቀን ሠራተኞቹ የያዙትን ጥለው ይመጣሉ። ልብሳቸውን አራግፈው፣ እጃቸውን ወደ ጎን ሰብስበው፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ልክ እኔ ማየት የምፈልገው መጋጠሚያ ፊት ይገተራሉ። ሲሚንቶ የምታመላልሰው ሴትዮማ «ቆይ ቆይ፣ ሻሼን ልሰር» ብላ አስቁማኝ ታውቃለች። ጮህኩ፣ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ። «ሰው የሌለበት ፎቶ ምን ያደርግልሻል?» ይሉኛል ከልባቸው አዝነውልኝ። የመጀመሪያው ወር ፎቶዎቼ ዛሬም ኮምፒውተሬ ውስጥ አሉ። የተከበሩ ሰዎች ተሰልፈው፣ ከጆሯቸው አጠገብ ትንሽ ቧንቧ ብቅ ብሎ ይታያል። በኋላ ተሸነፍኩና አንድ ከነሱ ጋር፣ አንድ ያለነሱ ማንሳት ጀመርኩ። ሁላችንም ተገላገልን።

ከሁሉም የባሱት የቧንቧ ሠራተኛው ነበሩ። ጋሼ ነው የምላቸው። ቀጨኔ ተወልደው እዚያው ያረጁ፣ ቆባቸውን ከራሳቸው የማያወልቁ ሰው ናቸው። እሳቸው ፎቶ ውስጥ መግባት አይፈልጉም፤ ግን ቧንቧቸውን በጨርቅ ሳይወለውሉ አያስነሱኝም። እኔ ፀሐዩ ሄደብኝ ብዬ እቁነጠነጣለሁ፣ እሳቸው አቧራ ያራግፋሉ።

«ጋሼ፣ ቧንቧ ነው እኮ፤ ሙሽራ አደረጉት!» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ሙሽራስ ቢሆን የሚታየው አንድ ቀን አይደል? ይኼም ነገ ይሸፈናል» አሉኝና መወልወላቸውን ቀጠሉ።

ሲጨርሱ ሜትሩን ዘርግተው ከግድግዳው ጥግ እስከ ቧንቧው ይይዙልኛል። ርቀቱ ፎቶው ላይ እንዲነበብ ነው። እኔ ደግሞ ብሎኬቱ ላይ በጠመኔ የፎቁን፣ የክፍሉንና የግድግዳውን ስም እጽፋለሁ። ከዚያ እናነሳለን። እንዲህ እየተነታረክን ሕንፃው አለቀ፤ ባለቤቶቹም ገቡበት።

ሰው ከገባ ወራት አልፈው፣ ለሁለተኛው ሕንፃ መሬት መቆፈር በጀመርንበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የማኅበሩ ሰብሳቢ ደወለችልኝ። በዕድሜ ብዙም አትበልጠኝም፤ ድምፅዋ ግን ለሦስት ሰው ይበቃል። ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት።

«ጣሪያዬ ረጠበ!» አለች። «ሳሎኔ ላይ ካርታ ተስሏል! ያ ሰውዬ መጋጠሚያውን በደንብ ሳያጣብቅ ነው የሄደው። ሁለተኛውን ሕንፃ ለሱ አንሰጥም። ሰኞ ሌላ ሰው አመጣለሁ፣ በቃ!»

ቁጣዋን አልፈረድኩባትም። ያንን ቤት ለማግኘት ለዓመታት ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተችው እሷ ናት፤ አባላቱ ተስፋ ቆርጠው ሲበታተኑ መልሳ የሰበሰበቻቸውም እሷ ናት። አሁን አንደኛ ፎቅ ላይ ሶፋ ገዝታ ገና እፎይ ስትል ከላይዋ ውሃ መጣባት። ማን ቢሆን ይጮኻል።

ጋሼን ያገኘኋቸው አዲሱ ጉድጓድ ዳር ነው። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጨርቃቸውን በሁለት እጃቸው እየጠመዘዙ ነበር።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «እኔ እዚህ ሰፈር ነው ያረጀሁት። የሰው ቧንቧ ሲበላሽ የሚጠሩት እኔን ነው። ያውም በስሜ አይደለም፤ ሲያዩኝ በሩን ይከፍቱልኛል፣ በቃ። አሁን ‹የማኅበሩን ቤት ውሃ ያስበላው ሰውዬ› ከተባልኩ ማን ነው ቤቱ የሚያስገባኝ? ሕንፃው ይቅር። በየት በኩል ነው ተሳልሜ የምመለሰው? ሁሉም እኮ ያውቀኛል።»

ደሜ ፈላ። እኚህ ሰውዬ ቧንቧ እየወለወሉ ስንት ቀን አድርቀውኛል! ሰው እንዲህ ተጠንቅቆ ሠርቶ እንዲህ ሊባል ነው? «ተነሱ ጋሼ» አልኳቸው። «ፎቶው አለኝ። ፎቶው ይናገራል።» አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት።

ከሰብሳቢዋ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ባልቴት ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ይኖራሉ። ልጃቸው ሹፌር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ክፍለ ሀገር ነው። ባልቴቷ የድሮ ቤታቸው ጣሪያው ዘሞ አላስኖር ሲላቸው ነው ልጃቸው ወደ አዲሱ ቤት ያመጣቸው። እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ምራታቸው ጴንጤ ናት፣ ቸርቿ ውስጥ ዘማሪ። ሰብሳቢዋም የዚያው ቸርች ሰው ናት፤ የጸሎት ቡድናቸው የሚሰበሰበው አንደኛ ፎቅ፣ እሷ ሳሎን ውስጥ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «አማትና ምራት እንዴት ሊሆኑ ነው?» እያለ ጆሮውን አቁሞ ነበር የከረመው።

ባልቴቷ በሩን ከፈቱልን። እግዜር ይመስገን ተባብለን ስናበቃ የመጣንበትን ነገርኳቸው።

«እዚህ ምንም የለም ልጄ» አሉ ቶሎ ብለው። «ደረቅ ነው። ሌላ ቤት እዩ።» እንዲህ እያሉ ከሳሎኑ ግድግዳ ስር ካለው ትንሽ ሶፋ ላይ ሄደው ተቀመጡ። አቀማመጣቸው አልጣመኝም፤ ዶሮ እንቁላሏ ላይ እንደምትቀመጠው ነው የተቀመጡት።

ስልኬን አወጣሁና ፎቶውን ፈለግሁ። አገኘሁት። «ሁለተኛ ፎቅ፣ ሳሎን፣ ምሥራቅ» ይላል በእጄ የጻፍኩት ጠመኔ። ያልተለሰነ ብሎኬት፣ ተቦርቡሮ መሐሉ የገባ አረንጓዴ ቧንቧ፣ ከግድግዳው ጥግ የተዘረጋ ሜትር፣ የሜትሩን ጫፍ የያዘ የጋሼ እጅ። ከግድግዳው ጋር ላስተያየው ስልኬን ከፍ ሳደርግ ባልቴቷ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን አዩት። ፊታቸው በራ።

«እይው! እይው እስቲ! ከወለሉ እስከ ጣሪያው አንድ ወጥ ነው። መጋጠሚያ የለውም! የሌለ መጋጠሚያ ከየት መጥቶ ያፈሳል?»

እውነታቸውን ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ሜትሩን ከግድግዳው ጥግ ዘረጋሁ፤ ቧንቧው ያለበትን ቦታ ላገኝ። የሜትሩ ጫፍ ያረፈው አንዲት ትንሽ ቀይ መጋረጃ ላይ ነው። ከመጋረጃዋ ጀርባ የመድኃኔዓለም ሥዕል አለ። ጋሼ ቆባቸውን አወለቁ።

ሳሎኑ ከባኞ ቤቱ ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው፤ ቧንቧውም በዚያ ግድግዳ የወጣው ለዚህ ነው። ግድግዳው ደግሞ በምሥራቅ በኩል ነው። ኦርቶዶክስ ሲጸልይ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ነው፤ ሥዕሉንም የሚሰቅለው በምሥራቅ ነው። ንድፉን ያወጣው፣ ያሠራው፣ የሠራው ሁሉ ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ አንዳችንም ግን ቧንቧና ጸሎት አንድ ግድግዳ ላይ ይገናኛሉ ብለን አላሰብንም።

ነገሩ ወዲያው ገባን። ለሥዕሉ የተመታው ሚስማር ቧንቧውን ወግቶታል። መጀመሪያ ራሱ ሚስማሩ ቀዳዳውን ደፍኖት ይቆያል፤ ሲዝግና ሲላላ ውሃው በጎኑ እየሾለከ በግድግዳው ውስጥ ይወርዳል። ጋሼ ይህን በሹክሹክታ ነገሩኝ፣ ሥዕሉ እንዳይሰማቸው ይመስል።

«እማማ» አልኩ፣ «እስቲ ትንሽ ይነሱልኝ።»

አልተነሱም። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከዚያ ራሳቸው ቀስ ብለው ሶፋውን ገፋ አደረጉት። ከጀርባው ጨርቅ ነበር፤ አሮጌ ፎጣ፣ የተቀደደ አንሶላ፣ ሁሉም የራሰ።

«ምራቴ ሥራ ስትሄድ ነው የምጨምቀው» አሉ። «ውሃ በመጣ ቁጥር ይብሳል። እንዳታውቅብኝ ነው ሶፋውን ያስጠጋሁት። ታች መውረዱን መቼ አወቅሁ ልጆቼ? እዚሁ የሚቀር መስሎኝ!»

«ቢነግሯት ምን ትላለች? ልጅዎ አይደለች?» አልኩ፤ ድምፄ ትንሽ ሳይከር አልቀረም።

«የሰቀለችው እኮ እሷ ናት!» አሉ ባልቴቷ። «እኔ እሷ ቤት መጥቼ ሥዕል ልስቀል ብዬ አልጠየቅሁም፤ ምን ቆርጦኝ! ትራሴ ስር ነበር የማስቀምጠው። አንድ ቀን ከሥራ መጥታ ‹እትዬ፣ ምሥራቅ በየት በኩል ነው?› አለችኝ። አሳየኋት። ወንበር ላይ ወጥታ በገዛ እጇ መትታ ሰቀለችልኝ። መጋረጃዋንም የሰፋችው እሷ ናት። አሁን ያ ሚስማር ቤት አበላሸ ቢባል፣ ምን ትላለች? በጎ ሠርቼ ጉድ ወጣብኝ አትልም? ታች ያለችው ደግሞ የቸርቿ ሰው ናት። ሥዕል ሰቀለች ቢሏት፣ እዚያስ በምን ዓይኗ ታያቸዋለች?»

ጋሼ ቆባቸውን በእጃቸው ሲያዞሩ ቆዩና፣ «በቃ፣ መጋጠሚያው የኔ ነው በያቸው» አሉኝ።

«ምን?»

«የኔ ጥፋት ነው በያቸው። በነጻ እጠግነዋለሁ። ሚስማሩንም ነቅዬ ኪሴ እከተዋለሁ። ማን ያያል?»

በዚህ ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። «ጋሼ፣ አብደዋል? አሁን ጠዋት ምን ነበር ያሉኝ? ማን ቤቱ ያስገባኛል አላሉም? ሰኞ ሌላ ሰው ሊመጣ ነው እኮ! ፎቶ ላይ የሌለ መጋጠሚያ ከየት አምጥቼ ነው ፈሰሰ የምለው?»

«አንቺ ደግሞ ፎቶ ፎቶ አትበይ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ችዬው እኖራለሁ። እነዚህ ገና አብረው ሊኖሩ ነው።»

እውነቴን ነው የምለው፣ በእሳቸው ተናደድኩ፤ ደግሞ አሳዘኑኝ። የያዝኩት ፎቶ ቧንቧው በየት እንዳለፈ ያሳያል እንጂ ይህን ሁሉ አያሳይም።

«አይሆንም!» አሉ ባልቴቷ ደግሞ ከወዲያ። «የሰው ስም በኔ ምክንያት አይጠፋም። እኔ ነኝ የመታሁት እላለሁ።» ክንዳቸውን ለማንሳት ሞከሩ፤ ከትከሻቸው በላይ አልሄደላቸውም። ማን ያምናቸዋል?

ሁለቱ ጥፋቱን ሲሻሙ በሩ ተከፍቶ እንደነበር ማናችንም ልብ አላልንም። ምራቲቱ ከመዘምራን ልምምድ ተመልሳ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች ቆማለች። ምን ያህሉን እንደሰማች እንጃ። የራሰውን ጨርቅ አየች። ከዚያ አማቷን አየች፤ ውሃ የጨመቁበትን፣ ቆዳው የተጨማደደውን እጃቸውን። ስልኬን ከእጄ ተቀብላ ፎቶውን ረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

«እትዬ» አለች፣ «ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻዎን?»

ባልቴቷ አንገታቸውን ደፉ። ምራቲቱ ስልኬን መለሰችልኝና ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ የእግሯ ድምፅ ይሰማል። ተከተልኳት። ጋሼም ባልቴቷን ክንዳቸውን ደግፈው ከኋላ መጡ።

የሰብሳቢዋ በር ክፍት ነበር። ሶፋዋን ወደ ጥግ ገፍታ፣ ከረጠበው ጣሪያ ስር ሳፋ አስቀምጣ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሽቅብ ታያለች። ከጸሎት ቡድናቸው ሁለት ሴቶች ሊያጽናኗት መጥተው ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። እነሱ ባይኖሩ ምን ነበረበት?

«መጣሽ?» አለችኝ ሰብሳቢዋ እኔን አይታ። «አገኘሽው የሰውዬውን ጉድ?»

መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት ምራቲቱ ቀደመችኝ።

«የጋሼ ጥፋት አይደለም» አለች። «ቧንቧው በሚስማር ተወግቶ ነው። ሚስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ። የአማቴን ሥዕል ስሰቅል ነው። ማንም አላዘዘኝም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ጣሪያሽን አሠራልሻለሁ። ጋሼን ግን ሥራቸውን አትከልክያቸው።»

ሻይ የያዙት ሴቶች ተያዩ። አንደኛዋ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እኔ ሰብሳቢዋ እስክትጮህ ጠበቅሁ፤ ለጩኸቱ ትከሻዬን ሰብስቤ ነበር። ጋሼ ከኋላዬ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ባልቴቷ የእሳቸውን ክንድ አጥብቀው ይዘዋል።

ሰብሳቢዋ አልጮኸችም። ጣሪያውን አየች፣ ምራቲቱን አየች፣ ከዚያ ገፍታ ወደ ጥግ ባስጠጋችው ሶፋ ክንድ ላይ ተቀመጠች።

«መዶሻውን ያዋስኩሽ እኔ አይደለሁ?» አለች፣ በማላውቀው ድምፅ።

«አዎ፣ ግን አንቺ...»

«ለምን እንደሆነ ነግረሽኛል። አውቄ ነው የሰጠሁሽ።» ወደ ሁለቱ ሴቶች ዞረች። «አዎ፣ አውቄ ነው። እናቴ የሞተችው እኔ ቤት ነው። ሥዕሏን ግድግዳዬ ላይ አላሰቀልኳትም። ከሻንጣዋ ታወጣታለች፣ ጸልያ ስትጨርስ በሻሽ ጠቅልላ መልሳ ትከታለች። አንድ ቀን ተቆጥታኝ አታውቅም። ይህቺ ልጅ መዶሻ ስትለምነኝ እኔ...» ምራቲቱን እጇን ያዘቻት። «ሚስማር ስትመርጪ አጭሩን ነበር ያነሳሽው። ረጅሙን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። እንዳይወድቅባቸው ብዬ።»

ሳፋው ውስጥ አንዲት ጠብታ ስታርፍ ተሰማች። ባልቴቷ ከጋሼ ክንድ ተላቀው ገቡና፣ ሰብሳቢዋን ራሷን ወደ ሆዳቸው አስጠግተው ይደባብሷት ጀመር። ያቺ ድምፅዋ ለሦስት ሰው የሚበቃ ሴት በነጠላቸው ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

ቆይታ ቀና አለችና ጋሼን ፈለገቻቸው። አሁንም ከበሩ አላለፉም።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ። እየዞርኩ ለሁሉም እነግራቸዋለሁ። ይግቡ እንጂ፣ ለምን ውጭ ይቆማሉ?»

ጋሼ ጫማቸውን አዩ፤ ጭቃ ነበር። ጫማዬ ጭቃ ነው ሊሉ መሰለኝ። ቆባቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው በሩ ላይ ቆሙ። እኔ ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት አልችልም፤ ዞር ልል ፈለግሁ። ሰብሳቢዋ ግን ተነስታ መጣች፤ በክንዳቸው ይዛ፣ ከነጭቃቸው፣ ወደ ቤቷ አስገባቻቸው።